ፀጉሬን የተላጨሁበት ደጅ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
መጋቢት 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ፋሻውን ካነሳልሽ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለችውን ማርያምን ያለ መነጽር አየኋት ብለሽ ለጋሽ ወርቁ ነግረሻቸው፣ እሳቸው ለእኔ ሲነግሩኝ ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል አልኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበችብኝ። እዚህ አገር እልልታ ሲሰሙ ቤት የተቃጠለ ነው የሚመስላቸው። ጉልበትሽስ? ደረጃዋን ስትወጪ አሁንም ትቆረጥምሻለች? ከእትዬ አበዛሽ ጋርስ ታረቃችሁ ወይስ ዛሬም በአጥር ተኮራርፋችሁ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ሥራም ጀምሬያለሁ። ጎኔ ላይ የተሰፋው ደርቋል፣ ሲበርድ ብቻ ይስበኛል። እዚህ ደግሞ መጋቢትም ይበርዳል፣ ትናንት በረዶ ጥሎ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሠርካዲስ ነች። ሃቫና ስትሪት ላይ ፀጉር ቤት ያላት፣ በስልክ ድምፅሽን ሰምታ የኔ እናት ትመስላለች ያለችሽ። ናዝሬት አክስቷ ዘንድ ለፋሲካ እየሄደች ነው። ደብዳቤውን አሽጌዋለሁ፤ ማንም እንዲያነብልሽ አልፈልግም። ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩትም አዲሷ ዓይንሽ መጀመሪያ የምታነበው የእኔን ደብዳቤ እንዲሆን ነው። በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ ያይሽ የለ? ከዚያ በፊት እንዳትሰጥሽ አስጠንቅቄያታለሁ። ሰውየው እስከዚያ ድረስ ማልቀስ ክልክል ነው ብሎሻል፤ አንቺ ደግሞ የፋሲካ ካርድ ስልክልሽ እንኳ ታለቅሻለሽ።

የምጽፍልሽ ስለ ፀጉሬ ነው። ተላጭቻለሁ።

አትጩሂ እማዬ። እባክሽ ተቀመጪና አንብቢው። በአገራችን ሴት ልጅ ተላጭታ ስትታይ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳም። ስለዚህ ነው አስቀድሜ መጻፌ። ከዚህ አንዱ ደውሎ ልጅሽ ራሷን ተላጭታለች ቢልሽ፣ ወይም እኔው በዚህ ራሴ በርሽ ላይ ድንገት ብቆም የሚሆነውን ዐውቀዋለሁ። ነገሩ ሕንድ አገር፣ አንድ የጥንት የጣዖት ቤት ደጅ ላይ ነው የሆነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በጥር እኔ ከዚህ፣ ምናሉ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ቼናይ ስንገናኝ፣ ሐኪም ቤቱ በማግስቱ የሚቀድደን መስሎን ነበር። የለም። በእርግጥ እህትና ወንድም ናችሁ ወይ፣ ኩላሊቷን የምትሰጠው ወድዳ ነው ወይ፣ ማን አስገደዳት እያሉ ሦስት ሳምንት ከቢሮ ቢሮ አንከራተቱን። አንዱ ሹም ፊታችንን ተራ በተራ አይቶ በአፍንጫ ትመሳሰላላችሁ አለ። ምናሉ በአማርኛ የእሷ ይበልጣል ብሎ ሲያጉተመትም ሳቄ አመለጠኝ፤ ሰውየው ፊርማውን ሊከለክለን ምንም አልቀረው። እንደዚያ ከስቶ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን እየታጠበ እንኳ አፉ አላረፈም።

ያረፍነው ሰልቪ የምትባል ሴት ዘንድ ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለችውን ቤቷን ለሕመምተኛ ቤተሰብ ታከራያለች። በእኔ ዕድሜ ነች። እንግሊዝኛዋ ከእኔም ይብሳል፣ ግን እኔና እሷ በእጅ በዓይን ብለን ስንጫወት እንውል ነበር። ምናሉን ታምቢ ነው የምትለው፣ ታናሽ ወንድሜ ማለት ነው። ጨው የሌለው ሩዝ እየሠራች ራሷ ታጎርሰው ነበር። ማጉረስ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሰልቪ ዓርብ ዓርብ ወደ አማ ደጅ ትሄዳለች። አማ የሚሏት አምላካቸው ነች፤ ሴት ነች፤ ስሟ ረጅም ነው፣ አፌ አይዘውም፣ ሕዝቡ ግን በአጭሩ አማ ይላታል፣ እማዬ እንደ ማለት ነው። ቤቷ ከተሠራ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል አሉ። አንድ ዓርብ አብረሽኝ ነይ አለችኝ። እኔ የማርያም ልጅ ጣዖት ቤት ምን ልሠራ ብዬ እንቢ አልኩ። የገፋኝ ምናሉ ነው። እኔ አጠገብ ተቀምጠሽ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሸተትሽ፣ አምልኪ ያለሽ የለም፣ እኔ መሄድ አልችልም፣ ሄደሽ አይተሽ ንገሪኝ አለኝ። እኔ መሄድ አልችልም ሲለኝ እንቢ ማለት አቃተኝ።

ልንወጣ ስንል ሰልቪ ጥግ ወስዳ በጆሮዬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ሲገባኝ ሳቅኩ። የወር አበባ ላይ ከሆንሽ አይገባም ማለቷ ነው። ልክ እንደ እኛ። ቅዳሴ ልታስቀድሚ ይዘሽኝ ስትሄጂ በር ላይ ቀስ ብለሽ የምትጠይቂኝን አስታወሰኝ።

በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ሄድን። እማዬ፣ የበሩ ግንብ ብቻውን ናዝሬት ካለው ፎቅ ሁሉ ይረዝማል። ከታች እስከ ላይ ሰውና አውሬ ተቀርጾበት ሁሉም ቀለም ተቀብቷል። ጫማ ከውጭ ይወልቃል። ግቢው የተነጠፈበት ድንጋይ በፀሐይ ግሎ ስለነበር እየዘለልኩ ነው ጥላ የገባሁት፤ ሕንዶቹ ሳቁብኝ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ የአበባና የተቃጠለ ቅቤ ሽታ አለው። ምሰሶዎቹን የመብራት ጥላሸት አጥቁሯቸዋል፣ ደግሞም በሰው እጅ ብዛት እስከ ደረት ድረስ ልስልስ ብለዋል፤ አንቺ ሁልጊዜ የምትሳለሚው የቤተ ክርስቲያናችን የበር ድንጋይ እንደለሰለሰው። እኔም ሳላስበው በእጄ ዳሰስኩት። ስንት ሺህ እናት ልጄን ብላ ዳስሳው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አንድ በር ላይ ሃይማኖቱ ያልሆነ ከዚህ አይለፍ የሚል ጽሑፍ አለ። ሰልቪ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኛም ዘንድ መቅደስ የሚገባው ቄስ ብቻ ነው፣ ምንም አይደል አልኳት። ከቆምኩበት ሆኜ ሰዉ ገለጥ ሲል አንድ ጊዜ አየኋት። ጥቁር ድንጋይ ነች፣ ቀይ ሐር አልብሰዋታል፣ በአንገቷ የሎሚ ጉንጉን አጥልቀውላታል፤ ካህኑ እሳት ሲያነሣላት ዓይኗ ብልጭ አለ። አማተብኩ። ጣዖት ስላየሁ ይሁን ወይም እናት ስላሏት እኔም አላውቅ።

ጉዴን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰልቪ ውስጥ ስትቆይብኝ ወጣሁና ጓሮ በኩል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አየሁ። ከሥሩ አንድ ቤተሰብ ተቀምጧል። ወጣቷ ሚስት ተላጭታለች። አሮጊቷ ተላጭታለች። ባልየው ተላጭቷል። ገና ጥርስ ያላወጣው ሕፃን ሳይቀር ጭንቅላቱ ሙልጭ ብሏል። አንድም ሳይተርፍ! ቤተሰቡ ላይ ምን መዓት ወረደ፣ ከአንድ ቤት ማን ማን ቢሞት ነው ሕፃኑን እንኳ የላጩት አልኩ። አንቺ ደግሞ ያሳደግሽኝ ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነው ብለሽ ነው። ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ፣ ሄጄ ከአሮጊቷ አጠገብ መሬት ላይ ዘፍ አልኩና ለቀቅኩት።

እንዴት እንዳለቀስኩ ብታይ! የምናሉን ሕመም፣ የአባዬን፣ የሦስት ሳምንቱን ቢሮ ሁሉ አንድ ላይ አወጣሁት። እግዚአብሔር ያጥናችሁ እላለሁ፣ ደረቴን እደቃለሁ። አሮጊቷ መጀመሪያ ሸሸት አለች፣ ቀጥላ ግን በልብሷ ጫፍ እንባዬን ትጠርግልኝ ጀመር፣ እሷም ዓይኗ ሞላ። ሕፃኑ ይስቃል። ሰልቪ የተፈነከተ ኮኮናት ይዛ ስትመጣ ጉዱን አይታ ጮኸች።

ለካ ደስታ ኖሯል። ሴትዮዋ ዘጠኝ ዓመት መክና፣ ልጅ ከሰጠሽኝ ቤተሰቡ ሁሉ ፀጉሩን ይሰጥሻል ብላ ለአማ ተስላ ነው። ልጁ ተወለደ፣ ስለታቸውን ሊከፍሉ መጡ። እዚያ አገር አማ ደጅ ላይ የተላጨች ሴት የተሳካላት ሴት ነች። ሰልቪ ስታስረዳቸው ባልየው ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። አሮጊቷ በአንድ ዓይኗ እያለቀሰች በሌላው ትስቅ ነበር። በቅጠል ላይ ጣፋጭ ሩዝ ሰጡኝ፣ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ሹሩባዬን ጨብጦ አልለቅም አለ። እንዲህ ያለ ፀጉር እንዴት ሳትሰጪ ትመለሻለሽ ብለው ቀለዱብኝ።

ስመለስ ለምናሉ ነገርኩት። ማሽኑ ላይ ተኝቶ ነበር። ሲስቅ ማሽኑ መጮኽ ጀመረ፣ ነርሷ ሮጣ መጥታ ተቆጣችን። እሷ ስትሄድ ደግሞ ከት ይላል። ቆይቶ እንዲህ ሲል ዕቅድ አወጣ። እኔ ስድን አንቺ ትላጫለሽ፣ ናዝሬት አብረን እንሄዳለን፣ በሩን አንቺ ታንኳኪያለሽ፣ እኔ ከኋላሽ ጎንበስ እላለሁ። እማዬ በሩን ከፍታ ራስሽን ስታይ ኡኡ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ያን ጊዜ እኔ ከኋላሽ ብቅ እላለሁ። አንተ እናትህን ልትገድል ነው ብዬ ተቆጣሁት። የለም፣ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ነው የምትኖረው አለ። ቃል ግቢልኝ አለኝ፣ እጄን ያዘ። ገባሁለት። ስለዚህ እማዬ፣ የነፍስ አባቴ እንዳይቆጡብኝ ንገሪልኝ፣ እኔ ለጣዖቷ አልተሳልኩም። ቃል የገባሁት ለወንድሜ ነው።

ጥር 24 ቀን ቀደዱን። አንቺ ከሰማሽው በላይ ጥሩ ነበር። ኩላሊቴ ገና ሳይሰፉት እሱ ሆድ ውስጥ ሥራዋን ጀመረች አሉ። እኔ ስነቃ ነርሷ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ከእሱ የተላከ ነው፤ ኩላሊትሽ እንዳንቺ ነች፣ አንዴ ከጀመረች አታቆምም ይላል። ሳቅኩና ስፌቴን አሳመምኩት። በአምስተኛው ቀን በራሴ እግር ክፍሉ ሄድኩ። ውሃ እየጠጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ በሲኒ ሲለካለት የኖረ ልጅ አንድ ሙሉ ጠርሙስ አንሥቶ ሳያቋርጥ ጠጣና ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አቅፎ አለቀሰ። ይህን በሕይወቴ አልረሳውም። ስምንት ቀን እንደዚያ ሆነ። ስምንቱንም ቀን ውሃ ጠጣ፣ ሐብሐብ በላ፣ ነርሶቹን አማርኛ አስተማረ፣ የአንቺን ስም እየጠራ እመጣልሻለሁ ይል ነበር። ስምንት ቀን ሰጥቼዋለሁ እማዬ። ይህን ሁልጊዜ አስቢልኝ።

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዘው።

እዚህ ላይ ሁለት መስመር ሰርዣለሁ። ዓይንሽን ሰረዙ ላይ አታድክሚው።

እዚያ አገር ኦርቶዶክሶች አሉ፣ ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ ናቸው። ከነርሶቹ አንዷ ከእነሱ ስለሆነች ቄሷን ጠራችልን። ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው ነጭ ነው፣ እንደኛ ቄሶች መስቀል በእጃቸው ይይዛሉ። ለምናሉ ጸሎት አደረሱለት። ረጅም ጸሎት ነበር፣ በሰው አሸክመነው ሄደን በግቢያቸው ነው የተደረሰው። ቋንቋው አልገባኝም፣ ኪርያላይሶን ሲሉ ብቻ ለየሁትና እኔም አብሬ አልኩ። ሰልቪም ከአጥሩ ውጭ ጫማዋን አውልቃ ቆማ ነበር። ቦታው ጥሩ ነው እማዬ፣ ዛፍ አለው፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ስሙን በአማርኛ በራሴ እጅ ጻፍኩላቸው፣ እነሱ ፊደሉን እያዩ ቀረጹት።

ከዚያ በሳምንቱ ዓርብ ነበር። ሰልቪ ሳልጠይቃት ተነሥታ አብረን ሄድን። ወደ ውስጥ አልገባሁም። ከግቢው በስተግራ የሚላጩበት አዳራሽ አለ፣ መሬት ላይ ተሰልፎ መቀመጥ ነው። ላጪው ፀጉሬን በባልዲ ውሃ አራሰው፣ ለሁለት ከፍሎ ቋጠረው፣ ምላጩን ቀየረና ከመሃል ጀመረ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ጭኔ ላይ ሲወድቅ ብዛቱ ገረመኝ። አንቺ በልጅነቴ እግርሽ መሃል አስቀምጠሽ ቅቤ እየቀባሽ ስታበጥሪው ስንት ጊዜ አስለቅሰሽኛል። ሰውየው ሰልቪን አንድ ነገር ጠየቃት፣ እሷም መለሰች። ምን አለ ብላት፣ የለመነችው ሆነላት ወይ ነው ያለው አለችኝ። አንቺስ ምን አልሽው አልኳት። አዎ አልኩት አለችኝ። ደግ አደረግሽ አልኳት።

ራሴ ላይ ቢጫ ነገር ቀቡኝ፣ ይቀዘቅዛል። ስወጣ የማላውቃቸው ሴቶች እየሳቁ በእጃቸው ራሴን ነኩት። አንዲቱ ሙዝ ሰጠችኝ። ሌላዋ በእንግሊዝኛ ኮንግራጁሌሽንስ አለችኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነው። ያ የኒም ዛፍ ሥር ሄጄ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም። ተሳክቶላት ነው ብለው ነው፣ በደስታ የሚያለቅስ እዚያ ብዙ ነው። አገር ቢሆን፣ ወይ እዚህ፣ ወይ ሐኪም ቤቱ፣ አንዷ መጥታ ያዝ ታደርገኝ ነበር። እዚያ እስኪበቃኝ ተዉኝ። ለዚያ ነው እዚያ የተላጨሁት። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

አሁን ስለዚህኛው አገር ልንገርሽ። ስመለስ ለሁሉም የሕንድ ስለት ነው አልኳቸው። ሠርካዲስ ወንበሯ ላይ አስቀምጣ እያገላበጠች አየችኝና ያን የመሰለ ፀጉር ለጣዖት? አብደሻል? ብላ ጮኸችብኝ፤ ቢያንስ ዊግ ትራይ አድርጊ ብላ ሦስት አመጣችልኝ። በአንዱ ዘፋኝ፣ በአንዱ የፓርላማ አባል መሰልኩ። ቤተ ክርስቲያን ግን እንደዚህ ቀላል አልሆነም። ሕንድ ሄዳ ሰገደች፣ ፀጉሯን ለጣዖት ሰጠች ተባለ። ከጎኔ የሚቆሙት ሴቶች አሁን አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ይተዉልኛል። የምይዘውን ከበሮ ለሌላ ሰጡብኝ። ባለፈው እሑድ አንዷ ፊት ለፊቴ ልጆቼን እንዳትስሚያቸው አለችኝ። ከፋኝ እማዬ፣ እንዴት እንደከፋኝ። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም እግሬ ላይ ወድቀው ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር። አልተናገርኩም። ከዚህ አንድ ሰው የሰማውን ናዝሬት በዚያው ቀን ይሰማዋል፣ አንቺ ደግሞ ዓይንሽ ገና ነበር። ጣዖት አምላኪ ይበሉኝ። ለምን ዝም እንዳልኩ ስንገናኝ ይገባሻል።

አንዲት ሴት ብቻ ሕንዱን አላመነችኝም። ለተሃይማኖት ትባላለች፣ አስመራ ያደገች፣ አማርኛ እዚያው በትምህርት ቤት የተማረች፣ በዕድሜ ታላቄ ነች። ሞንትቤሎ ትኖራለች፤ አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አንድ ሺፍት ነው የምንሠራው። በመጀመሪያው ቀን ብሬክ ሩም ውስጥ ሻሼን ከራሴ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችው። አየችው። እኔ የሕንዱን ታሪክ ጀመርኩላት፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ጣፋጩ ሩዝ፣ ሁሉም የሚስቅበትን። አልሳቀችም። ወንበሩን ትታ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ሆነን ብሬካችን አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስንወጣ በመኪናዋ ታደርሰኛለች፣ በሣህን የተሸፈነ ምግብ ከኋላ ወንበር አታጣም። አንድ ቀን እኔ ቤት በር ላይ ፓርክ አድርጋ ሞተሩን ሳታጠፋ የራሷን ነገረችኝ። በጦርነቱ ጊዜ የወንድሟን ነገር የሰማችው በስልክ ነው፣ ግሌንዴል የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ወተት በእጇ ይዛ። የደወለው ሰው የሰማች መስሎት ሊያጽናናት ነው የደወለው። እስከ ዛሬ ከዚያ ቤት ወተት አልገዛም አለችኝ። ቀጥላ፣ እናትሽ በስልክ እንዳትሰማ፣ ከሰው አፍም እንዳትሰማ፣ ራስሽ ሂጂ አለች። ስለ ምን እንደሆነ እሷም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በማግስቱ ትኬት ቆረጥኩ።

አንድ ነገር ይቅር በይኝ። ምናሉ ያለበት ክፍል ስልክ አይገባም ብለው ጋሽ ወርቁ ሲነግሩሽ የነበረው የእኔ ቃል ነው። እሳቸው አይዋሹም፣ እኔ ነኝ ያስዋሸኋቸው። ለምን አይደውልም፣ በእኔ ምን ቢቀየም ነው ብለሽ ለእትዬ አበዛሽ ማለትሽን ሰምቻለሁ። በአንቺ ተቀይሞ አያውቅም እማዬ፣ አንድም ቀን። አሁን ምንም አያመውም። መርፌ አይወጋውም፣ ውሃ በሲኒ አይለካለትም። አንዷ ኩላሊቴ እሱ ዘንድ ነች፣ ብቻውን አይደለም። ሰልቪ ዓርብ ዓርብ ከአማዋ ደጅ ስትመለስ በእሱ በኩል ታልፋለች፣ አበባ ታስቀምጥለታለች። ታምቢዬ ትለው የለ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በሆሳዕና ዋዜማ እመጣለሁ። ጋሽ ወርቁ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይቀበሉኝና በሌሊት ተነሥተን ገና ፀሐይ ስትወጣ እንደርሳለን። ከማኅበርሽ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችም አብረውን ይሆናሉ። ይህን ያህል ሰው ምን ሊሠራ ብለሽ አትጨነቂ፤ ወንበርም ከጎረቤት አትዋሺ፣ የሚበላም አታዘጋጂ። ዓርብ ማታ እትዬ አበዛሽ አንቺ ዘንድ ልታድር ትመጣለች። ተኮራርፈናል ብለሽ በር እንዳትዘጊባት፤ እሷ እንኳ ኩርፊያዋን ትታዋለች። የጠብታ መድኃኒትሽን ከመተኛትሽ በፊት አድርጊ። ጥቁሯን ቀሚስሽን ሳጥን ውስጥ አትፈልጊያት፣ እትዬ አበዛሽ አውጥታ አጥባታለች።

ለመሰነባበቻ የሚጻፈው ሁሉ ጠፋኝ። ማርያም ዓይንሽን ትጠብቅልኝ። ጉልበትሽን ታበርታልኝ፣ ልብሽን ከሁሉ አስቀድማ ታጽናልኝ። እኔንም በእጅሽ ዳብሰሽ እስክትመርቂኝ መንገዱን ታሳጥርልኝ። ራሴን ስትዳብሺው አትደንግጪ፤ ማደግ ጀምሯል፣ እንደ ሕፃን ፀጉር ልስልስ ነው።

ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ተላጭቼ ነው የምመጣው፤ በሩንም የማንኳኳው እኔ ነኝ። ስትከፍቺልኝ እኔን ብቻ እይኝ እማዬ። ከኋላዬ አትመልከቺ።

ልጅሽ